የቤተ ሰብ ታሪክ በቍጥር ሲመረመር
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የምናገርበት ጉዳይ ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦር ሜዳ ጀግኖች አይደለም። ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኔ የምናገረው በየቤታችን ስላለው፣ ማንም ጽፎ ስላላስቀመጠው፣ ባለቤቱ በሞተ ጊዜም አብሮት ስለሚቀበረው ታሪክ ነው። ይኸውም የቤተ ሰባችን ታሪክ ነው።

ዐሳቤን በአጭሩ ልግለጽ። የቤተ ሰብ ታሪክ ብቻውን ሲነገር ተረት ይመስላል፤ የአገር ታሪክም በቍጥር ብቻ ሲጻፍ ሰው ያልኖረበት ይመስላል። ሁለቱ ጎን ለጎን በተቀመጡ ጊዜ ግን አንዱ ሌላውን ያርመዋል። አንዳንድ ጊዜም ለብዙ ዘመን ያለ በደሉ ተከሶ የኖረውን ሰው ነጻ ያወጣዋል። ይህን በራሴ ቤት ስላየሁት ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ።

በአገራችን በፎገራ ሽማግሌዎቻችንን «መቼ ተወለዱ?» ብለን ብንጠይቃቸው ዓመተ ምሕረት ቈጥረው አይነግሩንም። «በጣሊያን ጊዜ»፣ «በንዳዱ ዓመት»፣ «ንጉሡ በወረዱ በማግሥቱ»፣ «በሰባ ሰባቱ ረኀብ»፣ «ሩዝ መዘራት ሲጀምር»፣ «ርብና ጉማራ ሜዳውን በዋጡበት ክረምት» ይሉናል። ከእኛ ከወጣቶቹ መካከል ይህን ሰምቶ የሚስቅ አይጠፋም። ነገሩ ሲመረመር ግን ትልቅ ጥበብ አለበት። እያንዳንዱ አነጋገር የአንዱን ሰው ሕይወት ከአገሩ ታሪክ ጋር የሚያያይዝ ችንካር ነውና። ችንካሩ የተተከለበትን ዓመት ካወቅን የቀረውን በመደመርና በመቀነስ እናገኘዋለን። ወንጌላዊው ሉቃስም የጌታን ልደት የጻፈው በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ከተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ጋር አያይዞ ነው።

ችንካሩን በቦታው መትከል ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለምሳሌ በትምህርት ቤት የተማርነው የነጻነት ቀን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው። በጎንደር የነበረው የጣሊያን ጦር ግን እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አንድ የፎገራ ሽማግሌ «ጣሊያን በወጣበት ዓመት ተወለድሁ» ቢሉን የአዲስ አበባውን ዓመት ብቻ አስበን ብንጽፍ አንድ ዓመት ሙሉ ልንስት እንችላለን። «ንጉሡ የወረዱበት» መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ሩዝ ወደ ሜዳችን የገባው በ1970ዎቹ ነው። ሁለቱ ወንዞች ሜዳውን የዋጡበትና ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ የተፈናቀለበት ያ ክረምት የ1998 ዓ.ም. ክረምት ነው።

አሁን ወደ አያቴ ልምጣ። የአያቴ መታወቂያ ወረቀት በ1935 ዓ.ም. ተወለዱ ይላል። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ፊታቸውን አይቶ ገምቶ እንደ ጻፈው እርሳቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ስለ ልጅነታቸው በጠየቅኋቸው ጊዜ ግን እንዲህ አሉኝ፤ «በንዳዱ ዓመት የላይኛው የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር። ጥርሴን ጣራ ላይ ወርውሬ አዲሱ ሳይበቅልልኝ ወንድሞቼ አለቁ።»

ንዳድ የሚሉት ዛሬ ወባ የምንለውን በሽታ ነው። በአገራችን ታሪክ ታላቁ የወባ ወረርሽኝ የተነሣው ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። የላይኛው የፊት ጥርስ የሚወልቀው በሰባትና በስምንት ዓመት ዕድሜ ነው። ከ1950 ሰባትን ብንቀንስ፣ ከ1951ም ስምንትን ብንቀንስ የምናገኘው 1943 ነው። ጥርስ በአንዱ ልጅ ቀደም፣ በሌላው ዘግየት ስለሚል ከ1942 እስከ 1944 ብለን እናስፋው። ይህን ስሌት በሌላ መንገድ ፈተንሁት። አያቴ ያገቡት ንጉሡ ከመውረዳቸው አሥር ዓመት በፊት እንደ ሆነ ያስታውሳሉ፤ ያም በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ1943 ተወልደው ከሆነ ሲያገቡ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ የዚያን ዘመን ልማድ ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1935 ተወልደው ቢሆን ኖሮ በንዳዱ ዓመት የ15 ዓመት ኰረዳ በሆኑ ነበር። እርሳቸው ግን ያን ጊዜ ጥጃ ጠባቂ ሕፃን ነበሩ። ስለዚህ ከመታወቂያው ይልቅ የወለቀችው ጥርስ የታመነች ምስክር ሆና ተገኘች።

ክቡራን ሆይ፤ የአያቴን ዕድሜ ማወቅ ለእኔ ደስታ ነበር። ነገር ግን ጥርሷ ወደ አንድ ከባድ ነገር መራችኝ።

የቅድመ አያቴ ቤት ያን ጊዜ ዘጠኝ ሰው ነበረበት፤ አባት፣ እናትና ሰባት ልጆች። ቤቱ ከጉማራ ወንዝ ሩቅ አልነበረም። ክረምቱ ሳይወጣ ዘጠኙም በየተራ ታመው ወደቁ። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ተሰጣቸው፤ ጠበል ተረጩ። እስከ ኅዳር ድረስ ከሰባቱ ልጆች አራቱ ሞቱ። በአንድ መኸር አራት መቃብር!

እንዲህ ያለ መከራ ያገኘው ሰው «ለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በመንደሩ ሸክላ እየሠራ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ ነበረ። በዚያን ዘመን እጅ ሠሪ ሁሉ በክፉ ዐይን ይጠረጠር እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያውቃሉ። «ልጆቹን ቡዳ በላቸው» ተባለ፤ የሸክላ ሠሪዋም ስም ተጠራ። ከዚያ በኋላ ሸክላዋን የሚገዛ፣ ከቤቷም እሳት የሚጭር ጠፋ። ዓመት ሳይሞላ ቤተ ሰቡ ጎጆውን ነቅሎ ወደ ሌላ መንደር ሄደ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ከስድሳ ዓመት በላይ ቡና አብሮ የጠጣ፣ በሐዘንም የተጠያየቀ አልነበረም። እኔም ያደግሁት ያን ቤት በስሙ ሳይሆን በአገጭ ሲያመለክቱት እያየሁ ነው።

አሁን ቍጥሩን እንመልከት። የዚያን ዓመት ወረርሽኝ የመረመሩት የጤና ባለሙያዎች በመላው ኢትዮጵያ 3,000,000 ሰው እንደ ታመመና 150,000 ሰው እንደ ሞተ ገምተዋል። በሽታው የተዛመተበት ምድር 250,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከአገሪቱ ስፋት አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ይልቁንም የበረታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ነበር። የጣና ሐይቅ ከፍታ 1,786 ሜትር ገደማ ነው፤ የፎገራም ሜዳ ከሐይቁ ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል። እንግዲህ የቅድመ አያቴ ቤት የነበረበት ስፍራ በዚያ ከፍታ ወሰን ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ምክንያቱም ተመርምሯል። በዚያ ዓመት ዝናሙ ከልማዱ በዝቶና ረዝሞ፣ ሙቀቱና እርጥበቱም ከፍ ብሎ ነበር። ውሃው በየጉድጓዱ ሲቋጥር ትንኙ ተራባ። በወይና ደጋ የሚኖረው ሕዝብ በሽታው በየዓመቱ የማይጎበኘው ስለ ነበረ ሰውነቱ የመቋቋም ኀይል አላበጀም። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ሮናልድ ሮስ የተባለው ሐኪም በሕንድ አገር ያረጋገጠው በ1889 ዓ.ም. ነው። በጉማራ ዳር አራቱ ሕፃናት ሲሞቱ ይህ ዕውቀት የ61 ዓመት ዕድሜ ነበረው። ወደ እኛ መንደር ግን ገና አልደረሰም ነበር። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በአገራችን የተቋቋመው ከዚያ እልቂት በኋላ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ወዲያው ሒሳብ ሠራሁ። ከ3,000,000 ሕሙማን 150,000 ሞቱ ማለት ከመቶው አምስት፣ ወይም ከሃያው አንድ ነው። በዚህ ስሌት ከዘጠኝ ሕሙማን ግማሽ ሰው እንኳ መሞት አልነበረበትም። በእኛ ቤት ግን አራት ሞቱ። ታዲያ ቡዳው እውነት ነበር ማለት ነውን? እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምለምነው ነገር አለ። አማካይ ቍጥር ሁሉን ሰው አንድ አድርጎ የሚያይ ነው። መድኃኒት አጠገቡ ያለውን የከተማ ሰውና ከወንዝ ዳር ያለውን ሕፃን ይደባልቃቸዋል። ወባም እንደ ዕጣ በየሰዉ ተበታትኖ አይወድቅም። በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ ሰዎች በአንድ ሌሊት በአንድ ዓይነት ትንኝ ይነደፋሉ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ታሞ ሲተኛም ውሃ የሚያቀብል፣ እህሉን የሚያጭድ አይገኝም። ስለዚህ አማካዩ ከሃያ አንድ በሆነበት አገር ማንም ያልሞተበት ብዙ ቤት ይኖራል፤ አራትና አምስት የሞተበት ቤትም ይኖራል። የእኛ ቤት ከነዚህ አንዱ ነበረ። ለዚህ የሸክላ ሠሪ ዐይን አያስፈልገውም።

ነገር ግን ቍጥር ብቻውን እንዳይፈርድ ሌላ ምስክር ፈለግሁ። ወደዚያ ቤት ሄጄ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የሆኑትን ሽማግሌ አገኘኋቸው። የማን ልጅ እንደ ሆንሁ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ፤ በኋላ ግን በርጩማ ሰጥተው አስቀመጡኝ። ስለ ንዳዱ ዓመት ጠየቅኋቸው። «ያን ዓመት ሁለት እኅቶቼን ቀብረናል» አሉኝ። «ለማንም አልነገርንም። ማን ጠይቆን ያውቃል?»

ልጆች በላ የተባለው ቤት ራሱ በዚያው በሽታ ሁለት ልጅ ቀብሮ ኖሯል!

ወደ ቤቴ ተመልሼ ለአያቴ የሰማሁትንና ያነበብሁትን ነገርኋቸው። «አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቃል ብቻ የተነገረ ትልቅ ቍጥር ለማንም አይታይምና። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የፎገራ ወረዳ ነዋሪ 228,449 ነበር። ስለዚህ እንዲህ አልኋቸው፤ «ከጣና ዳር እስከ ወረታ፣ ከወረታም እስከ ወረዳው ዳርቻ ያለውን ሰው ሁሉ ያስቡ፤ ከየሦስቱ ሰው ሁለቱ በሰባት ወር ውስጥ ቢሞት ያን ያህል ነው። በቀን ሲከፈል በየቀኑ ከ700 ሰው በላይ ነው።» አያቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ ቆዩ። ከዚያም «እኛ ብቻ መስሎኝ» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። በፋሲካ ሰሞን ግን ወደዚያ ቤት ሄደው ቡና ጠጥተው ተመለሱ።

ሁሉም ሰው በቍጥር ተረታ ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። ትልቁ አጎቴ ዛሬም አይቀበሉም። የእርሳቸው ነገር ደግሞ የንግግሬን ሁለተኛ ክፍል ያስረዳልኛል፤ ይኸውም ታሪክ ቍጥርን የሚያርምበት ጊዜ መኖሩን ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ኤርትራን ጨምሮ 42 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ተቈጠረ። በ1987 ዓ.ም. በሁለተኛው ቈጠራ 53 ሚሊዮን ተኩል ገደማ፣ በ1999 ዓ.ም. በሦስተኛው 73 ሚሊዮን 750 ሺህ ገደማ ሆነ። እነዚህ ቍጥሮች የተገኙት ቈጣሪው በየደጁ ቆሞ በመጠየቁ ነው፤ መላሹ ደግሞ የራሱ ፍርሃት ያለበት ሰው ነው። ልጅና ከብት መቍጠር ዐይን ያመጣል የሚለውን የቆየ እምነት ሁላችንም እናውቃለን። በ1976 ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበረ። የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ከወጣ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። አያቴ ቈጣሪው ሲመጣ የ17 ዓመት ልጅ የነበሩትን ትልቁን አጎቴን ጎታ ጀርባ ደበቋቸው። እንግዲህ ከዚያ ከ42 ሚሊዮን ተኩሉ ሕዝብ ቢያንስ አንድ ሰው ይጎድላል፤ እርሳቸውም አጎቴ ናቸው። ያልተቈጠረ ሰው ቍጥርን ባያምን አይፈረድበትም።

በቤታችን ሦስት እናቶችን ብናስተያይ ደግሞ የአገራችን ለውጥ በትንሹ ይታያል። ቅድመ አያቴ ሰባት ወልደው ሦስት አሳደጉ። አያቴ ስምንት ወልደው አምስት አሳደጉ። እናቴ አራት ወልዳ አራቱንም አሳድጋለች። ሦስት ሴቶች አገርን አይወክሉም። ነገር ግን በመላ አገሪቱ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ወደዚያው ያመለክታል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከስድስት አንድ መሆኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. ይህ ቍጥር ወደ 67 ወረደ፤ ከዐሥራ አምስት አንድ ማለት ነው። አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደውም ከ5.5 ወደ 4.6 ወርዷል። እናቴ «በእኔ ጊዜ እግዚአብሔር ታረቀን» ትላለች። እኔም በዚህ አልከራከራትም። ነገር ግን ምስጋናው ለክትባቱ፣ ለአጎበሩ፣ በየቀበሌው እየዞሩ ለሚያስተምሩት የጤና ሠራተኞችም ይድረሳቸው እላለሁ።

የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ ስለ አያቶቻችን ዕድሜ አለመታወቅ ስንነጋገር የእኛ ነገር የተስተካከለ ሊመስለን ይችላል። እኔ የተወለድሁት በ2000 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው ቈጠራ የተደረገው በግንቦት 1999 ነው። አራተኛው ቈጠራ በ2011 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ ተላለፈ። የልደትና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ እኔ ፊደል የቈጠርሁ ልጅ ነበርሁ። ስለዚህ በ228,449ኙ የፎገራ ሰው ውስጥ አባትና እናቴ፣ አያቴም አሉ፤ እኔ ግን የለሁም። አብዛኞቻችሁ የክፍል ጓደኞቼም የላችሁም። የእኛን ታሪክ እኛ ካልጻፍነው የልጅ ልጆቻችን በወለቀ ጥርሳችን ሊፈልጉን ነው!

እንግዲህ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፤ ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ደብተር ይዛችሁ ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ። «በየት ዓመት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ምን በሆነበት ጊዜ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፤ ስንት ልጅ እንዳደገ ብቻ ሳይሆን ስንት እንደ ተወለደና ስንት እንደ ሞተ ጻፉ። የሞቱት ካልተቈጠሩ በሕይወት ያሉት ለምን እንዳሉ አይታወቅም። ሦስተኛ፤ በቤታችሁ ታሪክ ውስጥ የተወቀሰ ጎረቤት ካለ ወደ እርሱ ቤት ሄዳችሁ ያን ዓመት ምን እንደ ደረሰበት ጠይቁ። የታተመውንም ቍጥር ከሁለቱ ቃል ጋር አስተያዩ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እናንተንም እለምናለሁ። ልጆቻችሁ ስለ ሞቱት ሲጠይቋችሁ «ተዉት፣ ያለፈ ነገር ነው» አትበሉን። በእናንተ ዝምታ ውስጥ ያለ በደሉ የተከሰሰ ሰው ተቀብሮ ሊሆን ይችላልና።

በመጨረሻም ማንበብና መጻፍ፣ መደመርና መቀነስ ላስተማሩን መምህራን ክብር ይሁን። የተማርነው ሒሳብ ለገበያና ለፈተና ብቻ አለመሆኑን፣ ለፍርድና ለዕርቅም እንደሚጠቅም ተረድቻለሁ። ትምህርት ቤታችን ብዙ እንደዚህ ያለ በዓል ለማክበር ያብቃው።